ለቆጠራ ብቻ

ስብሰባው የተጠራው ለሦስት ሰዓት ነበር። ጋሽ ቁልፍ ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በመስኮቱ በኩል ካለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ባዶውን ግድግዳ ያያል። ፎቶግራፉን ከቤት ሳይወጣ በስልኩ አይቶታል። እዚህ ግድግዳው ላይ ሰፍቶ እንዳይመጣበት ፈለገ፤ መጣ።

ሁለት ቢጫ በርሜሎች፣ ክዳናቸው የተከፈተ። በውስጣቸው አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ የደም ከረጢት። ከላይ ባለው ከረጢት ላይ የለጋሹ ቁጥር ይነበባል።

«ሁለት መቶ አስራ አራት» አለ ኃላፊው። «ሁሉም ተጥሏል።»

የሆነውን ሁሉም ያውቁታል። የደም ባንኩ ማቀዝቀዣ ቅዳሜ ንጋት ላይ ተበላሸ። ማሽን ይበላሻል፤ መቆጣጠሪያ የተገጠመለትም ለዚሁ ነው። መቆጣጠሪያው ግን እስከ ሰኞ ጠዋት «አራት ዲግሪ» እንዳለ ደርቆ ቀረ። ደወል አልጮኸም። ነርሷ በሩን ስትከፍት ፊቷን የመታት አየር የክፍሉ ሙቀት ነበረው።

መቆጣጠሪያውን የሚሠራው ይህ ድርጅት ነው። የዚህ ክፍል ስድስት ሰዎች ደግሞ የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ከርነሉን ይጽፋሉ። በከርነል ውስጥ ብዙ ሥራዎች ባንድ ጊዜ ይሮጣሉ፤ ሁለቱ አንድ ቁጥር ላይ እኩል ከደረሱና አንዱ ሲጽፍ ሌላው ካነበበ፣ የሚነበበው ነገር አይታመንም። ይህን ሽሚያ ይሉታል። መድኃኒቱ ቁልፍ ነው፤ አንዱ ቆልፎ ይገባል፣ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል። ጋሽ ቁልፍ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ ኮዱን ይዞ ሲመጣ ከሰላምታ በፊት «ቁልፍህ የታለ?» ይለዋል። አንድ ጊዜ የቤቱን በር ቁልፍ ጥሎ በባለቤቱ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ስላዩት የክፍሉ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁበት ሰነበቱ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ያኔ መሳቅ ቀላል ነበር።

«ጥፋቱን አግኝተነዋል» አለ ኃላፊው፤ በርሜሎቹ ከግድግዳው ላይ ጠፉና ኮድ ተተካ። «ይቺ ናት።»

አንድ ሥራ ሙቀቱን ለክቶ «ዝግጁ» በተባለች ሣጥን ውስጥ አንድ ያስቀምጣል። ሌላው ሣጥኗን እያየ ይዞራል፤ አንድ ስትሆን ዲግሪውን ያሳያል፣ ካስፈለገም ደወሉን ይደውላል። በመካከላቸው ቁልፍ የለም። በቁልፍ ፋንታ ምልክት አለ።

የምልክቱ ነገር እንዲህ ነው። ሽሚያን የሚያነፈንፍ መሣሪያ አላቸው፤ በክፍሉ ውስጥ «አሳባቂው» ይሉታል። ሁለት ሥራዎች ያለ ቁልፍ አንድ ቦታ ከነኩ ስማቸውንና መስመራቸውን ጠቅሶ ይናገራል። አንዳንዱ ሽሚያ ግን ሆን ተብሎ የሚተው ነው፤ ማሽኑ ስንት ጊዜ እንደበራ የሚቆጥር ቁጥር በአንድ ቢዛነፍ ማንም አይጎዳም፣ ቁልፍ ቢደረግለት ሥራው ይጓተታል። እንዲህ ሲሆን መስመሩ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ አሳባቂውም ያን መስመር አይቶ ዝም ይላል። ሕጉ አንድ ነው፤ ምልክት ያለ ምክንያት አይገባም። ለምን ጉዳት እንደሌለው አጠገቡ ይጻፋል።

በግድግዳው ላይ ያለው ምክንያት እንዲህ ይላል፦ «ሆን ተብሎ የተተወ ሽሚያ። ለቆጠራ ብቻ የሚያገለግል፤ ቢዛነፍ ጉዳት የለውም።»

«ይሄ ምኑ ነው ቆጠራ?» አለ ኃላፊው። «ሣጥኗ ዜሮ ወይ አንድ ናት፤ ምንም አትቆጥርም። ምልክቱ አሳባቂውን ዝም አሰኘው እንጂ ኮምፓይለሩን አላዘዘውም። ባለፈው ወር አዲሱን ኮምፓይለር አስገባን፤ እሱ ደግሞ ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ ሲመልስ አቋራጭ ይወዳል። ሣጥኗን አንዴ አያት፣ ዜሮ ናት ብሎ ያዘ፣ ተመልሶ አላያትም። መለኪያው ፈጥኖ በመለሰ ቁጥር ችግር አልነበረም። ዓርብ ማታ ትንሽ ዘገየ፤ በዚያው ቀረ።»

ከዚያም የመዝገቡን ቁልፍ ተጫነ። ኮዱ የተቀመጠበት መዝገብ በእያንዳንዱ መስመር ግራ የጻፈውን ሰው ያወጣል። የሴት ስም ወጣ።

በዚህ ክፍል «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት ናት፤ ከሃያ ቀን በፊት ወልዳ ቤቷ ያለች። ነገር ሁሉ ካልተብራራላት አታልፍም፤ ስብሰባ የሚያረዝመው የእሷ «ለምን?» ነው።

ከዚያ ከጠረጴዛው ማዶ ቀጮ፣ የቡድኑ ቀልደኛ፣ አፉን አላስቻለውም።

«በሕይወቷ ‹ለምን› ሳትል ያለፈቻት አንዲት መስመር ብትኖር ይቺው!»

ሁሉም ሳቁ። ፎቶግራፉ ከብዷቸው ስለነበር ሳቁ ከሚገባው በላይ ረዘመ። ጋሽ ቁልፍም ሳቀ። ድምፁን ሰማው፤ ከጉሮሮው የወጣ፣ ደረቅ፣ የሌላ ሰው የሚመስል ሳቅ። ወዲያው ጆሮው ድረስ ጋለ።

ምክንያቱም ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፈው እሱ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ዓርብ ከሰዓት። አሳባቂው ገና የተገጠመ ዕለት ነበር፤ ሌሎቹ ለሥልጠና ወጥተው እሱ ብቻውን አስኬደው። አርባ ሦስት ክስ አወጣ። ሠላሳ ስድስቱ እሱ በወጣትነቱ ከጻፋቸው ፋይሎች ነበሩ። «ቁልፍህ የታለ?» እያለ ሰው ሲያሸማቅቅ የኖረ ሰው የገዛ ክሱን ዝርዝር በብዙ ገጽ አየ። ሰኞ ቀጮ ያነበዋል፤ ወይዘሮ ለምን ታነበዋለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በሥነ ሥርዓት መረመረ፤ እውነትም ቆጣሪዎች ነበሩ፣ ምክንያቱንም ጻፈ። አራተኛው ላይ ሰዓቱን አየ። ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ ለጠፈ። አምስተኛውም ላይ ለጠፈ። አርባ ጊዜ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሳባቂውን እንደገና አስኬደው፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰኞ ጠዋት «ንጹሕ ነን» ብሎ ለቡድኑ ሲናገር አጨበጨቡለት። ምልክት ያለ ሁለተኛ ሰው ፊርማ አይገባም የሚለውን ደንብ ከዚያ ወር በኋላ ያወጣው ራሱ ነው።

የእሷ ስም የመጣው ከዓመት በኋላ ነበር። ያን የተንዛዛ ፋይል ለሦስት ከፍላ ስታደራጀው መስመሮቹ ቦታ ቀየሩ፤ መዝገቡም የሚያወጣው መጨረሻ የነካቸውን ሰው ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢቆፈር የእሱ ስም ይወጣል። ኃላፊው አልቆፈረም። በዚህ ክፍል ሳይቆፍር የሚያልፍ ሰው ቢመጣ «ቆፍር እንጂ!» የሚለው ጋሽ ቁልፍ ነበር። ዛሬ አላለም።

ስብሰባው ሲበተን ኃላፊው ክንዱን ያዝ አድርጎ አስቀረው። ከእሱ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል።

«ጋሼ፣ ስትመለስ ቡድኑን ትመራለች ብዬ ስሟን ለበላዮቼ አቅርቤ ነበር። አሁን ግን በምን አፌ? እርስዎ ያሳደጓት ልጅ ናት። ዛሬ ሄደው ቀስ ብለው ይንገሯት፤ ከኔ ስትሰማው ይከብዳታል።»

አሁን፣ አለ በሆዱ። አሁን ተናገር።

«እሺ» አለ።

*

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበሩ ውጭ በተወጠረ ገመድ ላይ የመዳፍ ያህል የሆኑ ልብሶች ተሰጥተዋል። አንድ እሽግ ዳይፐር በብብቱ ይዞ አንኳኳ፤ እናቷ ከፈቱ።

«ይግቡ፣ ይግቡ! ጋሽ ቁልፍ ማለት እርስዎ ነዎት? ጋሼ እንዲህ አሉ፣ ጋሼ እንዲህ አስተማሩኝ ስትል ጆሯችንን አደነቆረችው እኮ።»

«እማዬ!» አለች ከውስጥ።

«ምን አልኩ? ውሸት ነው?»

ሶፋው ላይ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ጎድጉዷል። ስልኳ ከጎኗ ነው። ሕፃኑን ይቀፉልኝ አለችው፤ አቀፈው። ክብደቱ የአንድ መጽሐፍ ያህል ነበር። ስንት ኪሎ ነው፣ ሌሊት ይተኛል ወይ፣ ማንን ይመስላል፣ የማይጠይቀው ነገር ጠፋ። እናቷ ሻይ ይዘው ገቡ፣ ወጡ፣ ስኳር ይዘው ደግመው ገቡ።

«ቃለ ጉባኤው ደርሶኛል» አለች እናቷ ሲወጡ።

«እ... አዎ። ለሱ ነው የመጣሁት።»

«ቀጮ ደውሎልኝ ነበር። ቀልዶብኝ ኖሮ ይቅርታ ሊጠይቅ። ሁሉም ሳቁ አለኝ።»

ሕፃኑን ተመለከተ። «ሁሉም» የሚለው ቃል ደረቱ ላይ ተቀመጠ። እውነቱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ እናቷ ብስኩት ይዘው ሲገቡ ተመልሶ ገባ። ብስኩቱን በላ። ጣዕሙ አልታወቀውም። ሩብ ሰዓት ስለ ደረጃው ዳገትነት አወሩ። ተነሣ፣ ሕፃኑን መለሰ፣ «እንግዲህ በርቺ፤ ያልፋል» አለ። የራሱ ድምፅ አስጠላው።

እስከ ደረጃው ሸኘችው። ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

«ጋሼ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ስለዚያች መስመር ጠይቄዎት ነበር።»

«አስታውሳለሁ።»

«‹ይቺ ሣጥን አትቆጥርም፤ ለምን ለቆጠራ ብቻ ተባለ?› አልኩዎት። ‹ተዪው፣ ታስቦበት ነው› ብለው ጻፉልኝ። መልእክቱ አሁንም አለ። ጠዋት ለኃላፊው ልልከው ጣቴን አስጠግቼ ተውኩት።»

«ለምን ተውሽው?»

«ይናገራሉ ብዬ። ከዚያ ጀምሮ ስልኬን ሳይ ነው የዋልኩት። በር ሲንኳኳም ለዚህ መጡ ብዬ ነበር።» ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው። «ታስቦበት ነበር?»

ከታች ፎቅ ሬዲዮ ይሰማል። እጁን በደረጃው ብረት ላይ አደረገ።

«አልታሰበበትም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ትንሽም። ገልብጬ ነው የለጠፍኩት።»

ራሷን ነቀነቀች። ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትቆጣ ይቀለው ነበር።

«እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አስቤበታለሁ» አለች ዝግ ብላ። «እርስዎ ታስቦበታል ካሉ፣ ያልገባኝ እኔ ነኝ ብዬ። ያቺን ሣጥን ወረቀት ላይ እየሳልኩ፣ በየት በኩል ነው የምትቆጥረው እያልኩ። ራሴን ደንቆሮ አደረግሁት።» ከዚያ «ደህና ይግቡ ጋሼ» ብላ ገባች። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ደረጃውን ሲወርድ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሬቱ ግን ደህና አድርጎ የተሠራ ሲሚንቶ ነበር፤ ተሸከመው።

*

ባለቤቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት። ማምሻውን ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ደብተር ዘርግታ ስታርም አገኛት። ውኃ ሊጠጣ የኩሽናውን ማቀዝቀዣ ሊከፍት ሲል በሩ ላይ ባለ ማግኔት የተያዘውን ካርድ አየ። ለዓመታት አልፎት የሄደ ካርድ ነው። የደም ለጋሽነት ካርዷ። የመጨረሻው ማኅተም ያለፈው ወር ነበር።

ቆሞ ነገራት። ዓርቡን፣ አርባውን ቅጂ፣ ሳቁን፣ ደረጃውን። ቀይ እስክሪብቶዋን ከደብተሩ ላይ አላነሣችም፤ አላንቀሳቀሰችውምም።

«ያንቺም ኖሮበት ይሆናል» አለ።

«የኔ ኖረበት አልኖረበት ምን ለውጥ አለው? የኔ ካልሆነ ሊቀልህ ነው?»

የማቀዝቀዣውን በር ሳይከፍት ተወው።

«ለኃላፊህ ነግረኸዋል?»

«ነገ።»

«ልጅቷ ዛሬም ጥፋትህን ተሸክማ ትደር ማለት ነዋ።» ወደ ደብተሩ ተመለሰች። ቀና ሳትል፣ «እራትህ ተከድኖልሃል» አለችው። ክዳኑን ሳያነሣ ስልኩን ይዞ ወደ ሰገነቱ ወጣና ለኃላፊው ደወለ፤ ተዘግቷል አለው። ለወይዘሮ ለምን አጭር መልእክት ጻፈ፦ «ነገ በጽሑፍ፣ ለሁሉም።» መልስ አልመጣም። መልስ ይገባኛል ብሎም አልጠበቀም።

*

በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ነበር። ምልክቱን አነሣ፤ በቦታው ኮምፓይለሩን በእያንዳንዱ ዙር ሣጥኗን ሄዶ እንዲያይ የሚያስገድደውን ትእዛዝ አስገባ። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፤ ያን ዓርብ ቢያስብበት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ከዚያ ከማስተካከያው ጋር የሚሄደውን መግለጫ መጻፍ ጀመረ። በዚህ ሙያ ልማድ መግለጫው ለሁሉም ይላካል፣ ከመዝገቡም አይፋቅም። ሦስት ጊዜ ሰረዘ። «ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ጀምሮ ሰረዘው። «በጊዜ እጥረት» የሚለውንም ሰረዘ፤ ጊዜ ነበረው።

የቀረው ይህ ነው፦

«ይህን ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። መስመሩን አልመረመርኩም። ምክንያቱን ከሌላ መስመር ገልብጬ ለጠፍኩ፤ ምክንያቱ ሐሰት ነው። ያደረግሁትም የክሱ ዝርዝር በእኔ ፋይሎች ስለበዛ ሰው እንዳያየው ነው። በመዝገቡ ላይ ስሟ የሚወጣው ባልደረባችን መስመሩን ቦታ ቀየረች እንጂ አልጻፈችውም። ጠይቃኝ ነበር፤ ታስቦበታል ብዬ ዋሸኋት። ትናንት ጥፋቱ በስሟ ሲነገር እዚያው ነበርኩ፤ ዝም አልኩ፣ ሳቅሁም። በተመሳሳይ መንገድ የለጠፍኳቸው ሌሎች ሠላሳ ዘጠኝ አሉ። ሁሉንም አንሥቻቸዋለሁ።»

ላከው።

ኃላፊው ኮቱን ሳያወልቅ መጣ። «ጋሼ! ከመላክዎ በፊት ብናወራ ምን ነበረበት? ደንበኛው እኮ ይህን ያነባል!»

«ያንብበው።»

«‹ስህተት ተፈጥሯል› ቢባል አይበቃም?»

«ማን ፈጠረው ይሉሃል። ያኔ ግድግዳው ላይ ስሟን ታወጣላቸዋለህ። እኔም እስቃለሁ።»

ኃላፊው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስሟን መልሼ አቀርባለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ካገኘችው እርስዎ ከሷ ሥር ነዎት። ይሄ ይገባዎታል?»

«መቼ ነው የምትመለሰው?» ብቻ አለ።

ቀኑን ሙሉ ወደ ወንበሩ የመጣ ሰው አልነበረም። ዓይን ለዓይን ላለመጋጨት በሌላው በር የሚወጡ እንዳሉ አየ። ምልክቶቹ ተነሥተዋልና አሳባቂውን ቢያስኬደው ሠላሳ ዘጠኙን ክስ ተራ በተራ ዘረገፈው፤ አትሞ ጠረጴዛው ላይ፣ አላፊ አግዳሚ በሚያይበት አደረገው። መልስ እየሰጠ ሄደ። አምስቱ ምን እንደሆኑ ራሱም አላወቀም፤ ቆለፋቸው። ለቀሩት ምክንያት ጻፈ፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቆጣሪዎችም ለማሟያ ጨመራቸው፤ እነሱ እንኳ የታሰበባቸው ናቸው ብሎ። ሁለተኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ወረቀቱን ይዞ ቀጮ ጋ ሄደ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን እኔ ምኑን እመረምራለሁ?» አለ ቀጮ ሊነሣ እየዳዳው። «ያምጡ ልፈርም።»

«ሳታነብ?»

ቀጮ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው።

«ሳታነብ ከሆነ አትፈርም» አለውና ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ያለ ፈራሚ ላከው፤ ለማንም፣ ለሚያነበው።

አሥር ሰዓት ላይ መልስ መጣ። ከወይዘሮ ለምን ነበር። ሰላምታ የለውም፤ «ጋሼ»ም የለበትም። ያነሣችው ከሁሉም የመጀመሪያውን፣ ማሽኑ ስንት ጊዜ እንደበራ የሚቆጥረውን፣ እሱ እንደ ምስክር ያቀረበውን ነው።

«‹ቢዛነፍ ማንንም አይጎዳም› ተብሏል። የጥገና ሠራተኞቹ የማቀዝቀዣውን መጭመቂያ ዕድሜ የሚገምቱት በዚህ ቁጥር አይደለም ወይ? ማንንም የተባለው ተጠይቆ ነው? ለምን አይጎዳም?»

ጆሮው እንደገና ጋለ። ጣቶቹ ከእሱ ፈቃድ ቀድመው «ታስቦ» ብለው ጽፈው ነበር። ፊደሎቹን አያቸው። አንድ በአንድ ሰረዛቸው።

ከዚያ ስልኩን አንሥቶ የጥገናውን ክፍል ቁጥር ፈለገ። በዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቁጥሩን አያውቀውም ነበር። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አንድ ጎርናና ድምፅ «አቤት» አለ፤ ከኋላው የብረት ድምፅ ይሰማል።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለ ጋሽ ቁልፍ። «ከከርነል ክፍል ነኝ። አንድ ቁጥር ልጠይቅህ ነበር፤ የምትጠቀምበት ከሆነ። ቀድሞ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«የቱን ቁጥር?»

እስክሪብቶውን ከፈተ።